ልጇን የምታጥበው ሴት

ኦክላንድ፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 16 ቀን 1996

ዛሬ ኦፍ ስለነበርኩ ልጄን ሳራን ሙዚየም ወሰድኳት። ከመቶ ዓመት በፊት ፓሪስ የነበረች አንዲት ሠዓሊ በመዳብ ላይ ቀርጻ ያተመቻቸው ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ሳራ አንዱ ፊት ቆመች። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ውሃው እንዳያቃጥላት ሙቀቱን ለማየት ሳፋው ውስጥ እጇን ከታለች።

«እማዬን ትመስላለች» አለች።

ደስ ብሎኝ «ምኔን?» አልኳት።

አፈረች። «አንቺን አይደለም። አዲስ አበባ ያለችውን እማዬን።»

እህቴን ማለቷ ነው። እኔ ሳራን ጡት ሳትጥል ትቻት መጣሁ፤ ያሳደገቻት እሷ ናት። እኔ ጋ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው።

«አዎ፣ ቁርጥ እሷን» አልኩ። እንዳላለቅስ ወደሚቀጥለው ሥዕል ሄድኩ። እዚያም እናት ልጇን ትስማለች።

ቤት ገብተን «ነይ ገላሽን ልጠብሽ» ብላት፣ «አይ ካን ዱ ኢት» ብላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቆለፈችው። ፎጣዋን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ።