አርዋ ኢዳዋን ከመጨረሷ በፊት

ለክቡር ኮሎኔል ረድማን
የግንባሩ የጦር ዜና ክፍል ኃላፊ፣ ታዒዝ

ክቡር ሆይ፣ አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ድምፅዎንም ከነድምፅ ማጉያው ያክርምልዎ። በቢሮዎ ደጅ ደጋግሜ በመቆም ሥራ ስላስፈታኋችሁ፣ ከእንግዲህ ላለማስቸገር ብዬ በግልጽ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

በቅድሚያ ስለ ልጄ ስለ ወጂህ ላመስግንዎ። እጅ አልሰጥም ብሎ እስከ መጨረሻዋ ጥይት ተዋግቶ ሰማዕት መሆኑን በሬዲዮ አወጃችሁ፤ በገበያው ግድግዳ ላይ በለጠፋችሁት ምስልም፣ ዕድሜውን ሙሉ እምቢ ያለውን ፂም አበቀላችሁለት። አምሮበታል።

ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

1. ከዜናው በኋላ ተቃራኒው ወገን ምርኮኞቹን በቪዲዮ ሲያሳይ ወጂህ ከመካከላቸው ተቀምጧል። የቢሮዎ ሠራተኛ ከስልኬ ላይ አይቶት፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ የሥነ ልቦና ጦርነት ነው፤ በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ አትሸወጂ» አለኝ። ለምክሩ አመሰግናለሁ። ሆኖም ወጂህ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠየቅ፣ ትኩስ ዳቦ የነካ ይመስል የጣቶቹን ጫፍ እፍ ብሎ ነው የሚመልሰው፤ በቪዲዮውም እንዲሁ አደረገ። ይህን ለጠላት ኮምፒውተር የነገረው ማን እንደሆነ ቢያጣሩልኝ ደስ ይለኛል።

2. ሚስቱ አርዋ በእናንተ ዜና መሠረት ባሏ እንደሞተባት ሴት ዳግም ሳታገባ የምትቆይበትን ጊዜ፣ ኢዳን፣ ተቀምጣለች፤ የፊታችን ዓርብ ትጨርሳለች። አባቷም ለአጎቷ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ለመንኩት። «እህቴ ኑሪያ፣ ሞተ የተባለውን አንቺ በስልክ አስነሣሽውና ልጄን የምስል ሚስት አድርጌ ላስቀምጣት? ምስሉ ዱቄት ይገዛል?» አለኝ። ቃዲውም መግለጫው ካልታረመ ኒካሑን ለማገድ እንደማይችሉ ነገሩኝ።

3. ስሙ በምርኮኞች ልውውጥ እንዲገባ ስጠይቅ፣ እጁን የሰጠ ወታደር እንደሌላችሁ ተነገረኝ። በሕይወት መኖሩ ለዜናችሁ እንዳልተመቸ ይገባኛል፤ ልጄን ወክዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምለምንዎ ከዓርብ በፊት አንዲት መስመር ነው፦ ወጂህ በሕይወት አለ የምትል። ምስጢር ይወጣል ብለው አይስጉ፤ ጠላትማ እየጠበቀ የሚያበላው እሱ ስለሆነ ያውቃል። የተደበቀው ከእኛ ብቻ ነው።

ለቤቴ ላሳዩት ክብር እጅ እየነሣሁ፣ ረጅም ዕድሜና የማይጠይቅ አድማጭ የምመኝልዎ፣

ኑሪያ ሙቅቢል
የሰማዕቱ ምርኮኛ እናት

ማሳሰቢያ፦ ማረሙ ከከበደዎ፣ ከቢሮዎ አንድ ሰው ከኒካሑ በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቃዲው ፊት ቀርቦ፣ ቁርኣን ይዞ፣ ሬሳውን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ይማልልኝና እኔም ዝም እላለሁ። መግለጫውን የጻፈውን፣ በሬዲዮ ያነበበውንና ምስሉን የለጠፈውን ጠይቄአቸዋለሁ። ሐሙስ ሁሉም ሥራ አለባቸው። ለእርስዎስ ይመችዎታል?