የሦስተኛው ሳህን ባለቤት

ውዴ ሙሄ፣ የሰይዴ አባት፣

ካንተ ከተለየን ወዲህ የጨፋ ሜዳ ሁለት ጊዜ ውሃ ሞልቶበት ሁለት ጊዜ ደረቀ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃን ያድርግልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ፈርቻለሁ። ለጎረቤት እንዳልነግር ጎረቤቱም እንደኔው ፈርቷል። ለዘሃራ እንዳልነግር ልጅ ናት። ስለዚህ ላንተ እጽፋለሁ። አንተ ስትሄድ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርሁ፤ ይኸው መንግሥት ባስተማረኝ ፊደል ከመንግሥት የደበቅሁትን እነግርሃለሁ። ብትኖር በዚህ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር።

ቤቱ እንደተውኸው ነው። የጓሮው ሎሚ ዘንድሮ አፈራ። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ዘሃራ አምስተኛ ክፍል ገባች፤ ምላሷ ያንተው ነው፣ ማንንም አታስቀድም። የተለወጠው ሰይድ ነው፤ ቁመቱ አንተን አልፏል። በደህናው ጊዜ ቢሆን እልል ያሰኘኝ ነበር። ዘንድሮ ግን የልጅ ቁመት እናትን ያስደነግጣል። ብሔራዊ ውትድርና ብለው ወጣቱን ከገበያውም ከመንገዱም እያፈሱ ይወስዱታል። የታች ሰፈሯ ሐሊማ ልጇን ጨው ግዛልኝ ብላ እንደላከችው ቀረ። እኔም ሰይድን ከጓዳው ቆጥ ላይ፣ ከማሽላው ጆንያ ጀርባ ደበቅሁት። ለጠየቀኝ ሁሉ ደሴ አጎቱ ዘንድ ሄዷል አልሁ። ከዚያ ወዲህ በር በተነካ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ ወደ ቆጡ ይሄዳል።

ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ላይ ታጥፎ ሲኖር ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። በአረፋ ማግሥት ግን ጎረቤት ሥጋ ልኮልን ነበርና፣ የአባቴን የቻይና ምግብ ሥሪልኝ አለኝ። እንዴት እምቢ ልበለው?

ወልድያ ላይ መንገድ ከሚሠሩት ቻይናዎች ጋር ሾፌር ሳለህ የተማርኸው ነው። እርዳቸውን አልበላም ብለህ በአትክልትና በዚያ እንደ ክር በቀጠነ ሊጥ ከረምህ። ቤት ስትመጣ ያንኑ በራሳችን እርድ ሥጋ ሠራህልን። ወንድ ጓዳ ገባ ብሎ ሰፈሩ ሳቀብህ፤ አንተ ግን ሽርጥህን ጠበቅ አድርገህ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። የሰጡህን ጥቁር መረቅ ከአኩሪ አተር ነው ብለህ ምለህ እንኳ፣ ሼሁን ሳትጠይቅ አላስቀመስኸንም።

ጥቁሩ መረቅ ካለቀ ቆይቷል። እኔ ስኳር አሳርሬ፣ ጨውና ሎሚ ጨምሬ አስመስለዋለሁ። ሥጋውን በቢላ እስኪልም ድረስ ከተፍሁት፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር በጋለ ዘይት ቶሎ ቶሎ አገላበጥሁት። በክሩ ፋንታ ፓስታ ነው የቀቀልሁት፤ ግን አልሰበርሁትም። ከተሰበረ ዕድሜ ያሳጥራል ይላሉ ቻይናዎቹ ትል ነበር። ድሮ እስቅብህ ነበር። ዘንድሮ አንዷ እንዳትሰበር በሁለት ማንኪያ ደግፌ ከድስቱ አወጣኋት። ቶሎ የሚደርስ ምግብ መሆኑም በጀኝ፤ የቀበሌው ጥበቃዎች ዙረት ሳይጀምሩ እሳቱን ማጥፋት ነበረብኝ።

የተሳሳትሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አገር ገበታ አንድ ነው፤ ስንት እጅ እንደሚገባበት ከላይ ያለው ብቻ ያውቃል። ያንተ ምግብ ግን ለየራስ ነው። ቻይናዎቹ ሲሰናበቱህ የሰጡህን አበባ ያለባቸውን አራት ጎድጓዳ ሳህኖች ታስታውሳለህ? ያንተን ከሳጥኑ ሳላወጣ ሦስቱን ደረደርሁ፣ በየሳህኑ አጠገብ አንተ የጠረብኻቸውን ቀጫጭን እንጨቶች አኖርሁ። ሰይድ ከቆጡ ሊወርድ እግሩን ሲያወርድ ከደጅ የሰው ሳል ተሰማ። ልጄ ወደ ላይ ተመለሰ። ሳህኖቹን ለማንሳት ጊዜ አልነበረኝም።

የመጣው ይመር ነበር። ይመር ጓደኛህ፣ ቃሬዛህን ከተሸከሙት አንዱ። አሁን በቀበሌው የምልመላ ኃላፊ ሆኗል፤ ጓድ ይመር ነው የሚባለው። እንደ ድሮው በኦሮምኛ አካም ኦልተኒ፣ እንዴት ዋላችሁ ብሎ ገባ። ነጋ፣ ደህና አልሁት። ዓይኑ ሳህኖቹ ላይ አረፈ። እንፋሎት ከሦስት ሳህን ይወጣል፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ዘሃራ ነን። ይቺ የማን ናት አለኝ፣ በአገጩ እያሳየኝ።

«የሙሄ ናት» አልሁት። በአረፋ ያንተን ድርሻ ለሰደቃ ሳላወጣ እንደማልበላ ነገርሁት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አንተ ነህ መሰለኝ አፌ ላይ ያኖርኸው።

የሰደቃ ምግብ ደግሞ ለመጣ ሰው ነው። ብላ ማለት ግድ ሆነብኝ። ቢስሚላህ ብሎ ተቀመጠና የልጄን ራት ወደ ራሱ ሳበ። በእንጨቶቹ አልሆነለትም፤ በጣቱ እየጠቀለለ በላ። በጉዞ ላይ ሳላችሁ ይህንኑ ሠርተህ እንዳበላኸው አወራ። በዚህ መሃል ከቆጡ ላይ ጥቂት ማሽላ ተንጠባጥቦ ከጉልበቱ አጠገብ ወደቀ። ዘሃራ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስለ ትምህርት ቤቷ ትለፈልፍ ጀመር፤ ያ ምላስ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። ይመር ማሽላውን አየው። በመዳፉ ጠረገና ምድጃው ሥር በተነው።

ከዚያ ተነሣ። ሳህኑ ገና ግማሽ ነበር።

«የቀረውን ለባለቤቱ ተይለት» አለኝ ቀና ሳይል። «ነገ ግን የምመጣው እኔ አይደለሁም።»

ሰይድ የቀረውን ቀዝቅዞ በላው። እንጨቶቹ ከእጁ እየወደቁ ስላስቸገሩት እኔው አጎረስሁት፣ እንደ ሕፃንነቱ። በማግሥቱ ጠዋት የድሮ ሽርጥህን አገልድሞ፣ ዱላ ይዞ፣ ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ከሚወርዱት ከብት ነጂዎች ጋር ተቀላቀለ። ከገበያው ወዲያ ከማን ጋር ወዴት እንደወረደ ላንተም አልጽፍም፤ ወረቀትን አላምነውም። ከሰዓት በኋላ የማላውቃቸው ሰዎች መጡ። ጆንያዎቹን በሳንጃ ወጉ። ሳንጃው የገባው ሰይድ ጭንቅላቱን ያስደግፍበት የነበረው ጆንያ ላይ ነው። የፈሰሰውን ማሽላ ሲወጡ በእፍኜ ሰበሰብሁት።

ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ወጣት የጫነ መኪና በአስፋልቱ ባለፈ ቁጥር ወጥቼ ቁመቱን እፈልጋለሁ። ሳጣው ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ የት ወድቆ ይሆን እላለሁ። ለይመር ዱዓ ላድርግለት ወይስ ልራገመው፣ እሱንም አላወቅሁም። የሐሊማን ልጅ ያስወሰደው እሱ ነው።

ሙሄ፣ በየሶላቱ ስምህን እጠራለሁ፤ ምግብህንም ለዘሃራ አስተምራታለሁ። አሁን ግን የምንበላው በአንድ ገበታ ነው፣ ሰው ገብቶ እንዳይቆጥረን። ሳህኖቹን ጠቅልዬ ከሳጥኑ ግርጌ፣ ከጋቢህ ሥር አኖርኋቸው። ሰይድ የተመለሰ ቀን አራቱንም አወጣለሁ፤ ሦስቱ ለእኛ፣ አራተኛው ላንተ። ያን ቀን ማንም ገብቶ ይቺ የማን ናት ቢለኝ የሙሄ ናት እለዋለሁ፤ አልዋሽም።

የልጆችህ እናት፣ ከድጃ
ከሚሴ