የጠዋቷ ኪኒን

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ዝናብ። ከመስኮታችን ማዶ የፈረሰው ሰፈር ጉም ለብሶ ተኝቷል። ትኩር ብዬ ሳየው የሌሉት ቤቶች ይመጡልኛል... ቆርቆሯቸው፣ የተሰጣው ልብስ። አብራኝ የደም ግፊት የምትለካው ሀዊ፣ "ፍሬ፣ ደሞ ሄድሽ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እሄዳለሁ።

እትዬ ብርኽቲ መጡ። ጤና ጣቢያችን በር ላይ ቆሎና ሶፍት የሚሸጡት። ግፊታቸው አልወረደም። ያዞረኛል አሉ። ዶክተር ሃብተአብ፣ "መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?" "እሺ ዶክተር።" ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ እሺ። መጠኑን ጨመረላቸው። "እንዲህ ከቀጠሉ አንድ ቀን ግማሽ ጎንዎ አልታዘዝ ይልዎታል" አላቸው። እሱንም እሺ አሉት።

ዓምና እኮ ደህና ነበሩ። ምን መጣ?

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሕልም አየሁ። እትዬ ብርኽቲ ኩሬ መሃል በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል። ከንፈራቸው ግን ደርቋል። "ይጠጡ እንጂ" እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስነቃ የጠማኝ እኔ ነኝ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ጠዋት የታሸገ ውሃ ገዝቼ ሰጠኋቸው። መርቀው ተቀበሉኝ። ስወጣ ሳየው ውሃው ሶፍቱ አጠገብ እንደታሸገ ቆሟል። የሚሸጥ መስሏቸው ይሆን?

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ከሜክሲኮ ስመጣ መንገዱ ተዘጋ። ታክሲው ኡራኤል ጋ ጭራሽ ቆመ። ሽንቴ ደግሞ... በቃ አልቻልኩም፣ ወረድኩ። ካፌ ገባሁ። አስተናጋጁ፣ "እህት፣ ሽንት ቤቱ ለተስተናጋጅ ብቻ ነው።" የማልጠጣውን ሻይ አዘዝኩ።

እጄን ስታጠብ ውሃው ሲወርድ ፈዝዤ ቀረሁ። ያ ኩሬ ትዝ አለኝ። እትዬ ብርኽቲስ? ቀኑን ሙሉ የት ነው የሚሄዱት?

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ጠየቅኳቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ፣ ገበያ በሌለበት ሰዓት። መጀመሪያ ሶፍቶቹን እንደገና ደረደሩ።

"ማለቴ... ይቺ ኪኒን ታሸናለች አይደል? ድሮ ቤቴ እዚሁ ጀርባ ነበር። ኪኒኗን ውጬ ቤቴ ብቅ ብዬ እመለስ ነበር። ቤታችን ሲፈርስ ርቀን ሄድን። አሁን በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምገባው። እዚህ የት ልሂድ? ወንድ ብሆን አጥር አላጣም።" ሳቁ።

"ታዲያ አይውጧትም?"

"እሁድ እሁድ እውጣታለሁ። ቤቴ ስለምውል።"

"ውሃስ?"

"ውሃም እሁድ ነው የኔ ልጅ።"

ለዶክተሩ ለምን አልነገሩትም? "ልጄ የሚሆን ወንድ... ምን ብዬ?"

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

በርጩማቸው ከግቢያችን አጥር ጋር ተጣብቋል። ከአጥሩ ወዲህ ሽንት ቤት አለ። "ለሠራተኛ ብቻ" ይላል፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋሽ አስመላሽ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል። እኛ በየጠዋቱ እትዬ ብርኽቲን ሰላም ብለን እናልፍና ገብተን የኪኒን መጠን እንጨምርላቸዋለን። አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ አፈርኩ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ለሃብተአብ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "የማታሸና አለች፣ እቀይርላቸዋለሁ። ቀላል ነው።"

"ውሃውስ?"

"ፍሬ፣ እኛ የምናክመው ሰው ነው። ሽንት ቤት የሌላ ሰው ሥራ ነው።"

"ከእሁድ እስከ እሁድ የጠማው ኩላሊት የማን ሥራ ነው?" አልኩት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?

ከምሳ በኋላ ከኃላፊያችን ከጀሚላ ቢሮ ሲወጣ አየሁት። ፊቱ ቀልቷል። ሽንት ቤቱ ለእትዬ ብርኽቲም ይከፈት ቢላት፣ "መንገደኛው ሁሉ ይገባል፣ ማን ያጸዳዋል?" ብላዋለች። እሷም አልተሳሳተችም። የጽዳት ሠራተኛችን አንድ ናት።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ኪኒኗ ተቀየረች። በሩ ግን ተቆልፏል። ጋሽ አስመላሽ፣ "ትእዛዝ ካልመጣ እኔ ምን ላድርግ?" ይላሉ። ምንም።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ሃብተአብ አዲስ ጥያቄ አምጥቷል። ለገባ ሁሉ፣ "ቀኑን የት ነው የሚውሉት?" አንድ የታክሲ ሹፌር ሳቀበት። ከዚያ ግን ወሬው አላልቅ አለ፤ ወረፋው በር ድረስ ደረሰ። ሀዊ ተቆጣች። እኔ ደስ አለኝ።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ጀሚላ ለሁለተኛ የጽዳት ሠራተኛ ፈቃድ አገኘች። ለሙከራ ነው አለች። "ለሠራተኛ ብቻ" የሚለውን ጽሑፍ ራሷ ከሽንት ቤቱ በር ላይ ላጠችው። ለካ እሷም ስታስብበት ነበር።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል። ዝናቡን ሰው ሁሉ ሲጠብቀው ነበር። ልጆች በውስጥ ልብሳቸው ይሯሯጣሉ፤ ትልልቆቹም ጃንጥላቸውን አጥፈው ፊታቸውን ወደ ላይ ሰጡ። መንገዱ ሁሉ ሕልሜን መሰለኝ። እኔም ጸጉሬን ገልጬ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ጋሽ አስመላሽ ቀበቶ ላይ ቁልፉ የለም። የእትዬ ብርኽቲን ግፊት ለካሁ። ገና ነው፤ ግን መውረድ ጀምሯል። ማዞሩም ትቷቸዋል።

ስወጣ በላስቲካቸው ሥር ተጠልለው አገኘኋቸው። ከበርጩማቸው ጀርባ ያቺን ሐምሌ ላይ የሰጠኋቸውን ውሃ አወጡ። ክዳኗን አዞሩ።

"ሰኞ ነው እኮ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉና ጠጡ።