የብሎን አጥባቂው ወንድማችን የሕይወት ታሪክ፣ ከአንድ ማረሚያ ጋር

ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጆሮ» እያሉ የሚጠሯቸው ብረት ገጣጣሚ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በመጋቢት ወር 1955 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ ሁለት እህቶች፣ በመጨረሻም ይህን ታሪክ የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ተወለዱ።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋረጡ። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ «በቤተሰብ ችግር ምክንያት» ተብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እዚህ አይታለፍም። ያቋረጡት ታናሽ ወንድማቸው እንዲማር ነው። ወንድምየው ተማረ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የጋዜጣ ጸሐፊ ሆነ፤ በየሳምንቱ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ጋር የሚጣላበት የራሱ አምድ አገኘ። ያ ሁሉ ፊደል የተቆጠረው በእሳቸው ትከሻ ላይ ነው።

በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በአንድ የብረት ሥራ ድርጅት በተሸካሚነት ተቀጠሩ። ከተሸካሚነት ወደ ገጣጣሚነት፣ ከገጣጣሚነት ወደ ብሎን አጥባቂዎች ቡድን መሪነት አደጉ። ድልድይ፣ መጋዘን፣ የስፖርት አዳራሽ ገጥመዋል። «ጆሮ» የሚለውን ስም ያገኙት በአንድ ልማዳቸው ነው። ሥራ ሲያልቅ ትንሽ መዶሻ ይዘው እያንዳንዱን ብሎን መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። የጠበቀው አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልጠበቀው ያጉረመርማል። «ይሄኛው ሆዱን አሞታል» ካሉ መፍቻ ይዞ ወጥቶ ከማጥበቅ ሌላ መከራከር አይቻልም ነበር።

በ1981 ዓ.ም. የድርጅቱን የመሣሪያ ግምጃ ቤት መዝገብ ይይዙ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው እንደሚናገሩት፣ አንዱን መፍቻ በቀን ሦስት ጊዜ እየመለሱ እንደገና ፈርመው የሚወስዱ ሠራተኛ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከትዳራቸውም ነርስ የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና የአውቶቡስ ሹፌር የሆነውን ወንድ ልጃቸውን አፍርተዋል።

በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. የገበያ አዳራሽ ጣራ ሲሠሩ፣ ሌላ ቡድን ያጠበቀውን መጋጠሚያ በመዶሻቸው መታ መታ አደረጉና ቆሙ። ከሃያ አራቱ ብሎኖች አሥራ አንዱ ያጉረመርማሉ። የቁጥጥር ወረቀቱን ሊፈርም ለመጣው ተቆጣጣሪ ነገሩት። ተቆጣጣሪው መሰላሉን ያልረገጠ፣ ጫማውን ዝገት ያልነካው ሰው ነበር።

«በምን አወቅህ?» አላቸው።

«በጆሮዬ።»

«ጆሮህ ፈቃድ አለው? ወረቀትህ የታለ?»

ሠራተኛው ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ተቆጣጣሪው ፈረመ። በአራተኛው ቀን ጭነት ሲያርፍበት የጣራው አግዳሚ ብረት ከመጋጠሚያው ተንሸራቶ ወረደ። ሃያ ዓመት አብሯቸው የሠራ፣ ሁላችንም «ረጅሙ» የምንለው ጓደኛቸው ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ዛሬ በክራንች ተደግፎ ከመካከላችን ቆሟል። ታናሽ ወንድማቸው በዚያው ሳምንት በአምዱ ላይ «ሳይወጣ የፈረመው» ብሎ ያንን ሰው አንድ ሙሉ ገጽ ገረፈው። እስከ ዛሬም ስሙ ሲነሣ ደሙ ይፈላል። ዛሬ ግን ተራው የዚያ ሰው አይደለም።

ሟች ወንድማችን ማንንም አልገረፉም። በሆስፒታሉ ኮሪደር ግድግዳ ተደግፈው፣ «ሳቅሁ እኮ» አሉ። «ልጮህ ሲገባኝ አብሬ ሳቅሁ። ከእንግዲህ የምናገረው ወረቀቱን ይዤ ነው።»

ወረቀት ያሉት የብረት መዋቅርና የብሎን ተቆጣጣሪነት የብቃት ማረጋገጫ ነው። ፈተናውን ያለፈ ሰው ፊርማው ሥራ ያስቆማል፤ ያላለፈ ሰው ጆሮው የፈለገውን ቢሰማ ሰሚ የለውም። ዓመታት ፈጅተው የሥራ ማስረጃቸውን ከየድርጅቱ ለቃቅመው ሲጨርሱ፣ በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሊሞላ ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረውም።

በቤታችን ደንብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ የሚሰጠው ለተማረው ነው። የፈተናውንም መመሪያ ሳያነቡ አምጥተው ለታናሽ ወንድማቸው ሰጡት። እሱም በር ላይ እንደቆመ አነበበው። ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ፣ «ወደ ፈተናው ክፍል ወረቀት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ገጹን አላገላበጠም። ነደደ።

«እይ ጋሼ! ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ በቃልህ ያዝ ነው የሚሉህ! መሐንዲሱ እንኳ ሰንጠረዡን ገልጦ እያየ አይደል የሚሠራው?»

«ካሉ ምን ይደረጋል፤ እንይዘዋለና» አሉ ጋሼ።

«እጽፍባቸዋለሁ!»

«እሱስ አንተን ማን ይችልሃል፣ ፕሮፌሰሩ።»

ጻፈባቸው። ርእሱ «መጋዙን ቀምቶ አናጢን መፈተን» የሚል ነበር። አንባቢ ስልክ እየደወለ አመሰገነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ መስመር እንኳ ሳይመልስ ሲቀር፣ «አፋቸው ተለጎመ» ብሎ ደረቱን ነፋ። መመሪያው በማስረጃነት ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ። ጋሼ ደግሞ ጽሑፉን ከጋዜጣው ቆርጠው በመሣሪያ ሣጥናቸው ክዳን ውስጠኛ በኩል ለጠፉት። ሣጥኑን በከፈቱ ቁጥር አጠገባቸው ላለው ሁሉ፣ «ወንድሜ ነው የጻፈው» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ሸመደዱ። ከሥራ መልስ እጃቸውን በነጭ ጋዝ ታጥበው ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ባለችው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። መጽሐፉ እንዳይዘጋ በሁለት ትልልቅ ዳዶ ይጫኑታል። ባለቤታቸው ሽንኩርት እየላጡ ይጠይቋቸዋል። ብሎን መጀመሪያ በሰው እጅ አቅም ይጠብቅና፣ ከዚያ ርዝመቱ የውፍረቱን ስንት እጥፍ እንደሆነ ታይቶ ተጨማሪ ዙር ይሰጠዋል፤ የዙሩ ልክ በሰንጠረዥ ነው።

«እስከ አራት እጥፍ?»

«ሲሶ ዙር።»

«እስከ ስምንት?»

«ግማሽ ዙር።»

«እስከ አሥራ ሁለት?»

«ቆይ፣ ልቤ ውስጥ አለ።»

«ፈታኙ ልብህን አያይልህም!»

እጃቸው ግን ያውቀው ነበር። መፍቻ ቢሰጧቸው ሁለት ሦስተኛውን ዙር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰጡታል። በቃል ሲጠየቁ ነው ቁጥሩ የሚጠፋባቸው። ሠላሳ ስምንት ገጽ ሰንጠረዥ በስድሳ ዓመት ጭንቅላት ውስጥ አልቀመጥ አለ።

ታናሽ ወንድማቸው ዓርብ ዓርብ እየመጣ ያስጠናቸው ነበር። ማስጠናት ከተባለ። አንድ ዓርብ የሁለት ዓይነት ብሎኖችን የጥንካሬ ቁጥር ሦስት ጊዜ አቀያየሩበት። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ «ዕድሜህን ሙሉ የነካኸውን ብረት ቁጥሩን አታውቀውም? ድንጋይ ነህ እንዴ!» አላቸው። ባለቤታቸው ቢላዋውን አስቀመጡ። ጋሼ መጽሐፉን አንሥተው የታጠፈውን ገጽ በመዳፋቸው እያለሰለሱ፣ «ድንጋይም ጠብታ ሲደጋገምበት ይበሳል። በል እንደገና ጠይቀኝ» አሉ።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ተፈተኑ። ማለፊያው ሰባ ነበር፤ ስድሳ ስድስት አመጡ። «ቁጥሮቹ አመለጡኝ» ብለው ለቤተሰቡ ተናገሩ። ታናሽ ወንድማቸው ማጽናናት ሲገባው፣ «ሰንጠረዡን ያዝ ብዬህ አልነበረም?» ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አጠናናቸው ተለወጠ። በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ምልክት በሙጫ ይለጥፉ ጀመር፤ ቀዩ ለብሎን፣ አረንጓዴው ለብየዳ፣ ቢጫው ለሰንጠረዥ። ዓርብ ዕለት ታናሽ ወንድማቸው አይቶ፣ «ይሄ የሕፃን ጨዋታ ምንድን ነው? ይዘኸው ላትገባ!» አላቸው።

«ለዓይኔ ነው፣ ያምራል» አሉ። ሌላ ምልክት እየለጠፉም፣ «አንተም እኮ ክራቫት ታስራለህ» ብለው ሳቁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳል ጀመራቸው። ሳንባቸው መታመሙ በጥር 2016 ዓ.ም. ታወቀ። ሁለተኛው ፈተና ለሰኔ 20 ተቀጥሮ ነበር፤ ሐኪሙ እንዲያራዝሙት ቢመክራቸውም እንቢ አሉ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው መጽሐፉን በሆዳቸው ላይ አቁመው፣ ባለቤታቸው «የቀዳዳ ስፋት!» ሲሏቸው በአውራ ጣታቸው ምልክቱን ፈልገው ይገልጡታል፤ ባለቤታቸው ሰዓት ይይዛሉ። መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ይፈጅባቸው የነበረውን በስድስት ሰከንድ ያገኙት ጀመር። ሊጠይቃቸው የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ይህን አይቶ በሽታው አእምሯቸውን የነካ መስሎት ኮሪደር ወጥቶ አለቀሰ። ማልቀስ የነበረበት በሌላ ምክንያት ነው፤ ያኔ አላወቀም። በሕመማቸው ወቅት ሴት ልጃቸው ከሥራዋ መልስ ከአጠገባቸው ሳትለይ አስታማቸዋለች። ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀር አረፉ።

ትናንት ታናሽ ወንድማቸው ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሲቀመጥ መጽሐፉን አንሥቶ፣ «ምስኪን ጋሼ፣ ይዞት የማይገባውን መጽሐፍ ሲያስጌጥ አለፈ» አለ።

የወንድሙ ሚስት፣ «ይዞት ሊገባ ነበር» አሉት።

ነገሩት። በኅዳሩ ፈተና ጋሼ ሁለት እርሳስ ብቻ ይዘው ክፍሉ ሲገቡ፣ በሌሎቹ ተፈታኞች ጠረጴዛ ሁሉ ላይ ያ መጽሐፍ ተቀምጦ አገኙት። ፈታኟ መጥታ፣ «አባት፣ መጽሐፍዎ የታለ?» አለቻቸው። ግራ ቀኝ አዩና፣ «ቤት ረሳሁት» አሉ። ቤት ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ባለቤታቸውን አስማሉ። «እኔ የወደቅሁት በአራት ነጥብ ነው። እሱ ይህን ከሰማ የሚወድቀው ባነበበው ሰው ሁሉ ፊት ነው። የጻፈውም ለእኔ ብሎ ነው። እንዳትነግሪው! በሚቀጥለው ይዤው ገብቼ አልፋለሁ፤ ያን ጊዜ እኔው ራሴ እየሳቅሁ እነግረዋለሁ።»

ታናሽ ወንድማቸው ቤቱ ሄዶ መሳቢያውን ከፈተ። ገጹን አገላበጠ። በጀርባው የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ «የተጠረዘ መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው ልቅ ወረቀት ብቻ ነው» ይላል። የጋዜጣው ቁራጭ እስከ ትናንት ድረስ ከሣጥኑ ክዳን ላይ አልተነሣም። ጋሼ እውነቱን ካወቁ በኋላም ሣጥኑን በከፈቱ ቁጥር ያዩት ነበር፤ ረጅሙ እንደመሰከረው፣ «ወንድሜ ነው የጻፈው» ማለታቸውንም አልተዉም።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም መዶሻ አመታት ያስተማሯቸውን ከሠላሳ በላይ ገጣጣሚዎች ትተው አልፈዋል።

ማረሚያ። «መጋዙን ቀምቶ አናጢን መፈተን» በሚል ርእስ በጋዜጣ የወጣው ጽሑፍ ስሕተት ነው። መሥሪያ ቤቱ መጽሐፍ አልከለከለም። የከለከላቸው ወንድማቸው ነው። መሰላል ሳይወጣ በፈረመ ሰው ላይ አንድ ገጽ ሙሉ የጮኸው ይኸው ወንድም፣ ገጽ ሳያገላብጥ ፈረመ፤ በዚያ ፊርማ ረጅሙ እግሩን አጣ፣ በዚህ ፊርማ ጋሼ ወረቀታቸውን አጡ። ጋዜጣው ይህን ማረሚያ በመጪው ሳምንት ያወጣዋል። ይቅርታው መጀመሪያ እዚህ እንዲነበብ የተፈለገው እሳቸው ገና ከመካከላችን ሳሉ እንዲሰሙት ነው። የማይሰማ ነገር መስማት ይችሉ ነበር።

ጋሼ፣ አፈሩ ይቅለልዎት። ለባለቤትዎና ለልጆችዎ መጽናናትን ይስጥልን። ነፍስዎ ዛሬ በምትደርስበት በር ላይ «ወረቀትህ የታለ?» የሚል አይቁም። ቢቆምም፣ መጽሐፍዎን ይዘው ይግቡ። ይፈቀዳል።