ጭልፊቱ ያለባት አሥራ ሰባተኛዋ ፎቶ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ ያለምወርቅ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ያምሽ የነበረው እንዴት ሆነ? የጉለሌ ብርድስ ዘንድሮ ራራልሽ? ጋሼ ገብረ ማርያምን ያ ክፉ ሳል ተዋቸው? እኔም «ከናፍቆትሽ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም» ብዬ ብጀምር እንዴት ደስ ባለኝ። ሁልጊዜ የምጽፍልሽ እንደዚያ ነው። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው መስመር ታውቂብኛለሽና አልዋሽሽም። ፈርቻለሁ፣ እትዬ። አባታችን ወንድይፍራው ብሎ ስም ሲያወጣልኝ ምን አይቶብኝ እንደ ነበር እንጃ፤ ወንድ ሊፈራኝ ቀርቶ የበር መንኳኳት ያስበረግገኝ ጀምሯል።

ደብዳቤውን በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ይዛልሽ የመጣችው ሐና ትባላለች፤ እዚህ ነርስ ነበረች፣ ተዛውራ ነገ በወይጦ በኩል በጭነት መኪና ትነሣለች። በውስጡ ያለውን አታውቅምና አትጠይቂያት። ምሳ አብልተሽ ሸኚልኝ።

ካሜራ ይዤ አሞራ ስከተል እንደምውል ታውቂያለሽ። «የሰው ጉርድ ፎቶ አንሥቶ የሚያድር ሰው፣ የአሞራ ጉርድ ማን ሊወስድለት ነው?» እያልሽ ስትስቂብኝ ኖረሻል። ዛፍ ላይ የተቀመጠ ንስር ማንሣት ለማንም አይከብድም። እኔን ያሳበደኝ ጭልፊት ክንፉን አጥፎ ከሰማይ ሲወረወርና ያሳደደውን እዚያው አየር ላይ ሲቀልበው መያዝ ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነገሩ አልቋል። ሦስት ዓመት ሞከርሁ፤ ወይ ጭራው ብቻ ይወጣልኛል፣ ወይ ባዶ ሰማይ።

የአውሮፕላን ማረፊያችን መሐል ከተማ ያለ የሣር ሜዳ መሆኑን አልረሳሽውም። አውሮፕላን በሌለ ጊዜ የከተማው ከብት ይግጥበታል። አውሮፕላን ሊመጣ ሲል ዘበኛው ዶላሞ ጡሩንባውን ይነፋና ከብቱን እየሮጠ ያስወጣል። ከብቱ ሲራወጥ ሣሩ ውስጥ የተኛው ድርጭት ይነሣል፤ ድርጭት ሲነሣ ጭልፊቱ ይመጣል። ወፉ ጡሩንባውን ከመልመዱ የተነሣ ገና ሲነፋ ከሜዳው በላይ ይዞራል። እኔም እንደ እሱ ለመድሁት። ጡሩንባ ስሰማ ደንበኛዬን ወንበር ላይ ትቼ እሮጣለሁ። አንድ ቀን የፎቶ ቤቱን ኮትና ክራቫት አልብሼ ያስቀመጥኋቸው ሽማግሌ ስመለስ እንደ ተገተሩ፣ አገጫቸውን ቀና እንዳደረጉ አገኘኋቸው።

አንድ ነገር ግን አላሰብሁም፣ እትዬ። እኔ የማየው ወፉን ነው። እኔን የሚያየኝ ሰው የሚያየው ግን አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ረጅም ሌንስ አንጠልጥሎ የሚሮጥ ሰውን ነው። ሌንሱም የውጭ አገር ሰው፣ ያ የከብት ሐኪም፣ ሲሄድ የተወልኝ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ ዶላሞ ነፋ፤ ሮጥሁ። የዚያን ቀን የመጣው የተለመደው አውሮፕላን ሳይሆን አረንጓዴ ነበር፤ ሳይታሰብ ደርሶ ከብቱ ገና ተጠራርጎ ሳይወጣ አረፈ። ዶላሞ ማዶ የቀሩትን ላሞች ሲያባርር አንዲት ድርጭት ከሣሩ ብር ብላ ተነሣች። ጭልፊቱም ወረደ። ካሜራዬን ከእሱ ጋር ከሰማይ ወደ ምድር እያወረድሁ አከታትዬ አነሣሁ። ወዲያው ከኋላዬ «አንተ!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞርሁ፤ ድርጭቷ ምን እንደ ደረሰባት አላየሁም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ስሜን ጽፎ «ሂድ» አለኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ዶላሞን ወሰዱት።

ከትናንት በስቲያ ደግሞ ሁለት ሰዎች ፎቶ ቤቴ መጡ። ከየት መሥሪያ ቤት እንደሆኑ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ሰባት ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ ሰባቱንም ጊዜ እዚያ እንደ ነበርሁ ቀኑን እየጠሩ ነገሩኝ። ዶላሞ በጡሩንባ ምልክት እንደሚሰጠኝና ዓርብ ዕለትም አጠገቤ ቆሞ አውሮፕላኑን ሲያሳየኝ ያየ ምስክር እንዳለ ነገሩኝ። እኔ የማነሣው ጭልፊት ነው ስላቸው አንደኛው ከልቡ ሳቀ። እውነቴን ሳወራው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል አይደል። ፊልሙን አምጣ ሲሉኝ ገና እንዳልታጠበና ብርሃን ካየ እንደሚበላሽ ተናገርሁ። ካሜራውን ወስደው ሰኞ በሦስት ሰዓት ታጥቦ ይቅረብ አሉኝ። የት ይሄዳል ብለው ነው፤ ከዚህ የሚያስወጣው መንገድ አንድ ነው።

ፊልሙ ግን ዓርብ ማታውኑ ታጥቦ ነበር። አሥራ ሰባተኛዋን ስመለከት ጨለማ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ አልሁ። ጭልፊቱ ክንፉን አጥፎ፣ ጥፍሩን ዘርግቶ፣ ድርጭቷን ሊይዝ አንድ ጣት ቀርቶታል። ሦስት ዓመት የለመንሁት እሱ ነው። ከሥሩ አውሮፕላኑ በሩን ከፍቶ ቆሟል። የሚወርዱትን ሰዎች አልጽፍልሽም፤ እጃቸው ከኋላቸው ነበር ብዬ ላብቃ። ከእነሱም ወዲያ፣ ከእኔ እጅግ ርቆ፣ ዶላሞ ጡሩንባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ጀርባውን ለአውሮፕላኑ ሰጥቶ አንዲት ግትር ላም ይገፋል። አጠገቤ ቆሞ ነበር የተባለው ሰው ማለት ነው።

እኔን የምትገድል ፎቶ እሱን የምታድን ሆነችብኝ። ቆርጬ ላውጣት አልሁ፤ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ቁጥር አለ፤ ከአሥራ ስድስት ቀጥሎ አሥራ ስምንት ሲመጣ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሁሉንም አቃጥዬ ፊልሙ ተበላሸ ልበል አልሁ፤ ክብሪቱን ሁለት ጊዜ ጭሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ዛሬ ጠዋት የዶላሞ ሚስት ባዩሽ መጣች። አላለቀሰችም፣ አልወቀሰችኝም። ዶላሞ የሚነፋው ለላም እንጂ ለሰው እንዳልሆነ፣ ይህን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ እንደሌለ ብቻ ነግራኝ፣ ወደ ታሰረበት ወስዳለት ሳይነካ የተመለሰላትን ምግብ እንደ ያዘች ሄደች። እሷ እንደ ሄደች ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ።

ፈሪ ለእናቱ እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። እናታችን የለችም፤ ለአንቺ እንድተርፍልሽ ደግሞ እንዴት እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ግን እትዬ፣ ያ ሰው ከኔ ጋር አንድ ቀን እንኳ ስለ ወፍ አላወራም። ሥራውን ሠራ፤ የተከተልሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ፊልሙን ሳልቆርጥ ይዤ እገባለሁ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ በሩ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አይቻለሁ።

ወሬ ቢጠፋብሽ ወደ ጂንካ እንዳትመጪ፤ ስሜንም ይዘሽ በር እንዳታንኳኪ። ደብዳቤውን አቃጥዪው። ከዚህ ጋር ያለውን ፎቶ ግን አስቀምጪልኝ። ከታች በኩል በመቀስ የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ የተረፈው ሰማይና ወፍ ብቻ ስለሆነ ማንም ቢያየው አያስጠይቅሽም።

ጋሼ ገብረ ማርያምን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ጎረቤትሽን እማማ አስቻለችን በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ ንገሪያቸው። ሙሴ ትምህርቱን እንዲበረታ አጎትህ ብሏል በዪው። ትንሿን ዘሪቱን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝና ፎቶውን አሳዪያት። ድርጭቷ አመለጠች ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ አጎትሽ ዞሮ ነበርና አላየም በያት።

ወንድምሽ ወንድይፍራው
ጂንካ፣ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር
ጥር 24 ቀን 1972 ዓ.ም.