ለግብር ጊዜ ሙሽራ፣ ለፍርድ ጊዜ ቁርጥራጭ ብረት ስለሆነችው የአባቴ መኪና

አሰላ፣ ማክሰኞ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአቶ ገብረ መድህን፣
ለግብርም ለዳኝነትም የንብረት ዋጋ ገማች፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የዓይንዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። በጥር ወር ቤታችን በመጡ ጊዜ ብርቱ ዓይን ነበረዎት፤ በየካቲት ሲመለሱ ግን ፊትዎ የቆመችውን ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ማየት አቅቶዎት ስለ ነበር በጣም አሳስቦኛል። እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልዎ። እኛ በመጀመሪያ እርስዎ በማየትዎ፣ ቀጥሎም ባለማየትዎ ሁለት ጊዜ ከመጎዳታችን በቀር ደኅና ነን።

አልደብቅዎትም፤ ሰው ፊት ቆሜ መናገር የማልችል ልጅ ነኝ። በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ሌላው እስኪመልስ እጠብቃለሁ። እርስዎ ሁለት ጊዜ ቤታችን ሲመጡ አላዩኝም፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጓዳው በር ጀርባ ነበርኩ። እናቴ ይህን እንደምጽፍ አታውቅም፤ ብታውቅ ወረቀቱን ነጥቃኝ ምድጃ ውስጥ ትከተው ነበር። ሳልፈራ ከጨረስኩት ዛሬ ከሰዓት በኋላ በፍርድ ቤቱ አጥር ላይ፣ የእርስዎ ግምት ከተለጠፈበት ሰሌዳ፣ ከግምቱ ጎን እለጥፈዋለሁ። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያነብለታል።

ለማያውቁን አንባቢዎች አስቀድሜ ላስረዳ። አባቴ ሣህሌ ሾፌር ነበር፤ ከበቆጂ ገብስ እየጫነ ወደ አሰላ፣ ከአሰላም ወደ ናዝሬት ሲያመላልስ ኖሮ ባለፈው ክረምት አረፈ። ከእርሱ በኋላ መኪናዋን የሚነዳልን ረዳቱ የነበረው ቱፋ ነው፤ እኔና እናቴም የምንኖረው በእርሷ ጭነት ነው። መኪናዋ ስትገዛ አጎቴ አሰግድ የዋጋዋን ግማሽ አዋጥቷል። ይህን የካደ የለም።

አሁን ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በጥር ስላደረጉልን ክብር አመሰግናለሁ። ለግብር የሚገምት ባለሥልጣን ይመጣል በተባለ ጊዜ፣ እናቴ ወይዘሮ አፀደ የሰማችው እንግዳ መምጣቱን ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናዋን ጭቃ አስመስሎ ጥግ ያቆማት ነበር። በእኛ ቤት ግን እንግዳ ፊት ከመዋረድ የሚከፋ ነገር የለም። ስለዚህ መኪናዋ በሳሙና ታጠበች፤ የተቀደደው መቀመጫዋ ላይ ለበዓል የሚወጣው የአልጋ ልብስ ተነጠፈ። ጎማዎቿ አልቀው እንደ መላጣ ራስ ሆነው ስለ ነበር እናቴ፣ «የሣህሌ መኪና ባዶ እግሯን እንግዳ አትቀበልም» ብላ ወደ እህል ነጋዴው ወደ አቶ ሁሴኖ ሄደች። የእርሳቸው መኪና መለዋወጫ ስትጠብቅ ቆማ ነበርና፣ «የሣህሌ እንግዳ የእኔም እንግዳ ነው» ብለው አዳዲስ ጎማዎቻቸውንና የጭነት ሸራቸውን አዋሱን። ቱፋና ጎሚስታው ከአንዷ ሲፈቱ በሌላዋ ሲያስሩ ዋሉ።

እርስዎም መጥተው ዞሩ፤ ጎማውን በጫማዎ ጫፍ መታ መታ አደረጉና፣ «ሣህሌ ሙሽራ ነው ትቶልሽ የሄደው» ብለው እንደ አዲስ መኪና ገመቷት። እናቴ ግምቱን ስትሰማ ያደረገችውን የሚረሱት አይመስለኝም። እልል አለች። ዋጋው የበዛው ለሟች ባሏ ክብር መስሏት ነው። ለመምጣትዎ ከታረደው በግም ፍሪምባውን ለእርስዎ አወጣች። ግብር ከፋዩን እልል አሰኝቶ፣ በግ አሳርዶና ተመርቆ የተሸኘ ገማች በአርሲ ከእርስዎ በፊት መኖሩን አልሰማሁም።

ሁለተኛ፣ ግብሩን ስለ ገመቱበት ትጋት አመሰግናለሁ። ክፍያው በዚያው ግምት ተሰልቶ በመጣ ጊዜ እናቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ሁሉ አውጥታ ከፈለች። ያን ጊዜ ጎማዎቹና ሸራው ወደ ባለቤታቸው ተመልሰው ነበር። ቱፋ፣ «እትዬ አፀደ፣ የአቶ ሁሴኖን ጎማ ግብር ከፈሉላቸው፤ እንግዲህ በግ የሚያርዱት እርሳቸው ናቸው» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላም አለቀስኩ።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። አጎቴ ድርሻዬ ይለይልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ መብቱ ነው። ዳኛው መኪናዋ ትገመትና አንዱ የሌላውን ግማሽ ከፍሎ ያስቀራት አሉ፤ ይህም ቅን ፍርድ ነው። ነገር ግን እርስዎ በጥር ቤታችንን ስላራገፉልን፣ ከፍሎ ሊያስቀራት የሚችለው አጎቴ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የፍርድ ቤቱ ገማች ማን ይሆናል ብለን ስንጠብቅ፣ እርስዎ በአጎቴ ጂፕ፣ ከአጎቴ ጎን ተቀምጠው መጡልን። ጾም ገብቶ ስለ ነበር የቀረበልዎ ሽሮ ነው። ምናልባት በጥር መኪናዋን ያሳመራት በጉ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ፤ እንዲያ ከሆነ የጾሙን ሥርዓት ያወጡት አባቶች ተጠያቂዎች ናቸውና እርስዎን በከንቱ አማሁ።

የዚያን ዕለት ጠዋት መኪናዋ ከበቆጂ ገብስ ጭና ገብታ ነበር። ሞተሯ ገና አልበረደም። ቱፋ ኮፈኑን ልክፈትልዎ፣ ላስነሣልዎ ቢልዎ አትድከም አሉት። የጓሯችን በር ላይ ቆመው ጻፉ። ሰሌዳው ላይ እንዳነበብኩት የጻፉት ሞተሯ የማይሠራ፣ ፍሬኗ ፈጽሞ የማይዝ፣ አካሏም ለቁርጥራጭ ብረት ብቻ የሚሸጥ መሆኑን ነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በጥር ሙሽራ ብለዋት እንዳልነበር በትሕትና ጠየቀችዎ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «ያ ለግብር ነው እመቤት፤ ይህ ለፍርድ ነው» አሏት።

ይህችን ቃል ከበሩ ጀርባ ከሰማኋት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ውኃ ስቀዳም፣ ትምህርት ቤት ስሄድም አስባታለሁ። እኔም እንደ መኪናዋ ሁለት ነኝ። ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ስሆን ወሬኛ ነኝ፤ ከደጃፉ ስወጣ ግን ምላስ የለኝም። ይህ የሆነው ሰው ስለምፈራ ነው። እርስዎ ግን ትልቅ ሰው ነዎት፣ ማኅተም አለዎት፤ ማንን ፈርተው ነው ሁለት የሆኑት?

አራተኛ፣ አጎቴ ሲወጣ እናቴን፣ «አይዞሽ አፀደ፣ ብረቱን ከደጅሽ እኔ አነሣልሻለሁ» አላት። እርስዎም አብረው ሳቁ። አመሰግናለሁ።

አምስተኛውን ምስጋና መጻፍ ይከብደኛል፤ ስለ እናቴ ነውና። ነገ ፍርድ ቤቱ ግምቱን የሚቃወም እንዳለ ይጠይቃል፤ ማንም ካልተናገረ ግምቱ ይጸድቅና መኪናዋ በብረት ዋጋ ለአጎቴ ትሄዳለች። እኔ እናቴን ለመንኳት። ጎማው የውሰት መሆኑን፣ የጥር ወሩ ግምት ከልክ በላይ፣ የየካቲቱ ደግሞ ከልክ በታች መሆኑን ለዳኛው ንገሪ አልኳት። እርሷ ግን፣ «ጎማ ተውሼ እንግዳ አታለልኩ ብዬ በአደባባይ ልናገር? መኪናዋ ትሂድ፣ ስሜ ይትረፈኝ» አለችኝ። እርስዎ ይህን አስቀድመው ዐውቀውት ነበር። መቼም ከሠሩት ግምት ሁሉ ልክ ሆኖ የተገኘው ይህ አንዱ ነው፤ የእናቴን ኩራት ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ገመቱት። እኔን ግን አልገመቱኝም። ጥፋትዎ አይደለም፤ ከበር ጀርባ ያለ ዕቃ ለገማች አይታይም።

የምለምንዎ ዋጋዋን ከፍ እንዲያደርጉልን አይደለም። የአቶ ሁሴኖን ጎማና ሸራ ከላይዋ ሲያነሡ መኪናችን ያረጀች፣ መቀመጫዋ የተቀደደ፣ አንድ መብራቷ የጠፋ መኪና ናት። ሙሽራ አይደለችም። ሬሳም አይደለችም። አንድ ዋጋ አላት፤ ያም ዋጋ ግብር ሰብሳቢው ቢጠይቅ፣ ዳኛው ቢጠይቅ፣ አጎቴ ቢጠይቅ አይለወጥም። ግብሩም በዚያው ይታረም፣ አጎቴም ድርሻውን በዚያው ይውሰድ። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገን ነገር የለም። እናቴ ይህን በመጻፌ ከተቀየመችኝ፣ ደግሞም መቀየሟ አይቀርም፣ ቅያሜዋን እችለዋለሁ። አጎቴ ብረት ነው ያላትን መኪና በየሳምንቱ በደጃችን እየነዳ ሲያልፍ ማየቱን ግን አልችለውም።

ለግብር ሲሆን ከፍ ያለውን፣ ለፍርድ ሲሆን ደግሞ እንደ ፈቃድዎ ዝቅ የሚለውን የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ብዕርዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ደጃፍዎም በግ ይዞ ከሚመጣ ባለ ጉዳይ እንዳይለይ የምመኝልዎ፣

ውድነሽ ሣህሌ፣
በአሰላ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ።

የተረሳ ማስታወሻ፦ ነገ ጠዋት ቱፋ ተሳቢዋን ጭምር ገብስ ሞልቶ ከበቆጂ ይወርድና መኪናዋን በፍርድ ቤቱ በር ፊት ያቆማታል። ፍሬኗ ፈጽሞ እንደማይዝ በፊርማዎ አረጋግጠዋልና፣ ቁልቁለቱን ስትመጣ በሩ አካባቢ ቆመው እንዳይገኙ ለደኅንነትዎ ስል በትሕትና አሳስባለሁ። እኔ በእርስዎ ግምት ስለማላምን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ስትቆም ገብቼ፣ ጎማው የአቶ ሁሴኖ እንደ ነበር፣ እናቴ እየሰማችኝ ለዳኛው እናገራለሁ።