አገር የሚመርጥልን ካፖርት

ለክቡር የውጭ አገር ትምህርት ምደባ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለአንዲት ተመራቂ ስለተመደበላት ብርድ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ሳይታክት ለሚያገለግለው የአየር ማቀዝቀዣ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እርስዎን ጉንፋን ይዞዎት አንድ ቀን ከሥራ ቢቀሩ የስንቱ ተመራቂ ዕጣ ተንጠልጥሎ እንደሚውል ስለማውቅ፣ ምኞቴ ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልብ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደረቴም እስካሁን ደህና ነው፤ እስካሁን ያልሁበትን ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

በበርዎ ከሚመላለሰው ሕዝብ ብዛት የተነሣ ሊረሱኝ መብትዎ ነውና ራሴን ላስታውስዎ። በዚህ ዓመት በሕንፃ ምህንድስና የተመረቅሁ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ኮሪደርዎ ላይ እግሩ የሚወዛወዘውን ወንበር በቋሚነት የያዝሁት ነኝ። የጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ፣ አመልካቾች የሚማሩበትን አገር ሲመርጡ የአየር ጠባዩን ከጤናቸውና ከሙያቸው ጋር እንዲያገናዝቡ ያሳስባል። እኔ ሞኟ የተጻፈውን አመንሁ። የየአገሩን ብርድና ሙቀት፣ አቧራና እርጥበት ሳነጻጽር ከረምሁ። ኢንተርኔት ፍለጋ ደጁ ላይ ስቀመጥ የሚያየኝ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ይህቺ ልጅ አገርን እንደ ሐብሐብ እያንኳኳች ነው የምትመርጠው እያለ ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። ሐሰት አልተናገረም። ሳንኳኳ ሳንኳኳ አንዲት ደረቅና ሞቃት አገር ደህና ድምፅ ሰጠችኝ። በዚያች አገር ሰዎች ግድግዳቸውን አወፍረው፣ ነፋሱን ከጣሪያ በላይ ጠልፈው ወደ ሳሎን እያወረዱ፣ ያለ አንዳች ማሽን ቀዝቅዘው መኖርን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። ዩኒቨርሲቲያቸውም ይህንኑ ጥበብ ያስተምራል። ተቀብሎኛል፤ ቦታዬንም እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ይዞልኝ ይጠብቃል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክቡርነትዎ ፊርማ ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ።

እርስዎ ግን ከእኔ የተሻለ አስበውልኝ ወደ ሌላ አገር መደቡኝ። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማመልከቻዬ ላይ የሐኪም ማስረጃ አያይዤ ነበር። ማስረጃው አስም እንዳለብኝና ብርድ ሲነካኝ ደረቴ እንደሚዘጋ ይገልጻል። ሐኪሙ፣ የእኛ ጽሑፍ አይነበብም ይባላል ብለው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደሉን እያጎሉ ነው የጻፉልኝ። ጽሕፈት ቤትዎም «ማስረጃው ታይቷል» የሚል ማኅተም መታበትና፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል ወደሚባልባት አገር መደበኝ። ስለታየልኝ አመሰግናለሁ። የስንቱ ሰው ማስረጃ ሳይታይ በሚጣልበት በዚህ ዘመን፣ ታይቶ መጣል ራሱን የቻለ ክብር ነው።

ሁለተኛ፤ ማጥናት የምፈልገው ቤት ያለ ማሽን እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ነው። ለምን እንደሆነ በማመልከቻው ላይ ጽፌ ነበር፤ የተሰጠኝ ቦታ ጠባብ ስለነበር ፊደሉ ደቅቆ ሳይታይዎት አልቀረም። እናቴ የምትሰፋው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ቀትር ላይ ከሳፋ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አውጥታ አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ትሠራለች። ያለፈው በጋ ግን ጨርቁም አላዳናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለች የስፌት መኪናዋ ላይ በግንባሯ ተደፋች። አንሥተን ውሃ ረጭተን ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችን ዩኒፎርሙን ዘይት ነክቶት እንደሆነ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ከጣሪያ ሌላ የማስበው ነገር የለኝም። እርስዎም ይህን ተረድተው፣ የሕዝቡ ጭንቀት ቤት ማሞቅ ብቻ ወደሆነበት አገር መደቡኝ። ምናልባት ዋና የሚማሩት ከውሃ ርቀው ነው የሚል ትምህርት ቤት ይኖር ይሆናል።

በዚህ መንገድ ከእኔ የቀደመ አብሮ አደግ አለኝ። የበረሃ ዕፅዋት ሊያጠና ወደዚያችው ብርዳማ አገር ተልኮ፣ ከሄደ ጀምሮ ያየው የበረሃ ተክል የአንድ ባንክ መስኮት ላይ የተቀመጠች ቁልቋል ብቻ መሆኗን ጽፎልኛል። በየሳምንቱ እየሄደ በመስተዋቱ በኩል ይጎበኛታል። የባንኩ ጥበቃ፣ ይህ ሰው ባንኩን ሊዘርፍ እያጠና ነው ብሎ አንድ ቀን ጠርቶ ሲጠይቀው፣ አዎ እያጠናሁ ነው ብሎ እውነቱን በመናገሩ፣ አሁን የሚጎበኛት ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነው።

ሦስተኛ፤ የምደባውን ሥርዓት ከተረዳሁ በኋላ ቅሬታዬ ወደ አድናቆት መለወጡን ሳልናገር ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ከዚያ በፊት ምደባ በውጤት ወይም በዘመድ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ሰውን በከንቱ ማማት ኃጢአት ነውና ይቅር ይበሉኝ። የሚወስነው ካፖርት ነው።

ይህን ያወቅሁት ከንብረት ክፍል ሠራተኛው ነው። በወገባቸው ላይ ከሚንሿሿው የቁልፍ ብዛት የተነሣ ባለጉዳዩ ሁሉ አባ ቁልፉ የሚላቸው እኚህ ሰው፣ የምደባው ደብዳቤ ሳይደርሰኝ ጠርተው ካፖርት አስፈረሙኝ። ደብዳቤው ገና አልወጣም ብላቸው፣ ካፖርቱ ከወጣ ደብዳቤው የት ይሄዳል፣ ልጄ፣ ብለው አጽናኑኝ። እሳቸው እንዳወጉኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጽሕፈት ቤቱ ወደ ብርዳማዋ አገር ለሚሄዱት ካፖርት ሲያዝ የተማሪውን ብዛት ጽፎ ላከ፤ አቅራቢው ግን የሚሸጠው በነጠላ ሳይሆን በጥቅል ስለነበር፣ ለአንድ ተማሪ አንድ ካፖርት መሆኑ ቀርቶ አንድ ጥቅል ካፖርት መጣለት። ሁሉም የሰናፍጭ ቀለም፣ ሁሉም ባለ ትልልቅ ጥቁር አዝራር፣ ሁሉም በአንድ ልክ የተሰፋ፣ እሱም የደልዳላ ሰው ልክ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞላ። ኦዲተሩ መጥቶ ይህ ሁሉ ንብረት ያለ አገልግሎት መቀመጡን ሲነቅፍ፣ ክቡርነትዎ ውለው ሳያድሩ መፍትሔ አገኙ። ካፖርቱ እስኪያልቅ ድረስ ካፖርት የተረከበ ሁሉ ወደ ብርዳማዋ አገር፣ ተማሪውም ሁሉ ወደ ካፖርቱ። ሌላ መሥሪያ ቤት ለተማሪው የሚሆን ካፖርት ይፈልግ ይሆናል፤ ለካፖርቱ የሚሆን ተማሪ ፈልጎ ማግኘት ግን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ የአመራር ብቃት ነው።

አባ ቁልፉ አንድ ሐዘን ብቻ አላቸው። በቆጠራው አንድ ካፖርት ጎድሎባቸዋል። እኔ ነኝ የምጠየቅበት ብለው መጋዘኑን ገልብጠው፣ የፅዳት ሠራተኛዋን ቁም ሣጥን ሳይቀር አስከፍተው ፈትሸዋል። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ሰላም አትላቸውም፤ የንብረት ክፍልንም ደጃፍ አትጠርግም።

አራተኛ፤ ይግባኝ ልል ወደ ቢሮዎ የገባሁበትን ቀን ሳላመሰግን አላልፍም። ኮሪደሩ ላይ ባለጉዳዩ ሁሉ በያዘው ፋይል ራሱን ያራግባል። የማቀዝቀዣዎ ጀርባ የተገጠመው ወደ እኛ ስለሆነ፣ ከክፍልዎ የሚወጣው ሙቀት ሳይባክን በሙሉ ለእኛ ይታደላል። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ብርዱን ለራሳቸው ችለው ሙቀቱን ለሕዝብ የተዉ አለቃ ዛሬ የት ይገኛል ብለው መረቁዎት። ተራዬ ደርሶ ስገባ ደግሞ የተመደብሁባት አገር ከነአየር ጠባይዋ ክፍልዎ ውስጥ ጠበቀችኝ። ጸሐፊዎ ሻርፕ ተከናንባ፣ ጣቶቿን በትንፋሿ እያሞቀች ትጽፋለች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ደረቴ ተዘጋ። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቴን ከቦርሳዬ እስካወጣ ድረስ ክቡርነትዎ በጨዋነት ጠበቁኝ፤ ትንፋሼ ሲመለስም የካፖርትዎን አንገትጌ ወደ ጆሮዎ ከፍ አድርገው እንዲህ ሲሉ መከሩኝ።

«ልጄ፣ ብርድ ይለመዳል። እኔን አታዪኝም?»

አየሁዎት፣ ክቡር ሆይ። ከአንገት እስከ ጉልበት አየሁዎት።

የተሰጠኝ ካፖርት ከመጣ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣ እንዳልተጋበዘ እንግዳ ሲያፈጥብን ከርሞ ነበር። ከቢሮዎ በተመለስሁበት ቀን በንዴት አወረድሁትና፣ በእናቴ የስፌት መኪና ትክክል መሰላል ላይ ወጥቼ ከቆርቆሮው ሥር ማገሩ ላይ ዘርግቼ ቸነከርሁት። እናቴ መቀሷን አስቀምጣ ውረጂ እያለች ስትጠራኝ ቆየችና ተስፋ ስትቆርጥ፣ «ሰው ልጁን ካፖርት ያለብሳል፤ አንቺ ጣሪያ ታለብሻለሽ? አስሙ ወደ ጭንቅላትሽ ወጣ እንዴ?» አለችኝ። ካፖርት ከራሱ ሙቀት እንደማያመነጭ፣ ሥራው ሙቀት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እንዳያልፍ መከልከል ብቻ እንደሆነ፣ ብርድ አገር ላለ ሰው የገላውን ሙቀት እንደሚይዝለት ሁሉ የእኛንም ቆርቆሮ ሙቀት እዚያው ላይ ሊያስቀርልን እንደሚችል መሰላሉ ላይ ሆኜ ለማስረዳት ሞከርሁ። አልሰማችኝም። በማግስቱ ቀትር ላይም እንደ ልማዷ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሰፋች። እርጥቡ ጨርቅ ግን እስከ ማታ ድረስ ከሳፋው አልወጣም።

ይህን የምጽፈው ጥበብ አገኘሁ ለማለት አይደለም። ከካፖርቱ ሥር አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ቆርቆሮው እንደ ወትሮው አናት ይጠብሳል። አንድ ካፖርት አንድ ሰው እንጂ አንድ ቤት አያለብስም፤ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን፣ አይጥ ቢገባበት ምን እንደሚደረግ፣ ነፋሱ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አላውቅም። መሄድ የምፈልገው ይህን የማላውቀውን ለማወቅ ነው። የሚያስተምሩት ደግሞ ሙቀቱ ያቃጠላቸው ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሁለታችንንም የሚያስማማ ሐሳብ ላቅርብ። እርስዎ ካፖርቱ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ መሄድ እፈልጋለሁ። ካፖርቱ ለተማሪ አገልግሎት ይዋል ከተባለ፣ ጣሪያ ላይ የዋለ ካፖርት ትከሻ ላይ ከዋለው በምን ያንሳል? የተረፈውን ሁሉ ለሙከራ ብለው በስሜ ወጪ ያድርጉልኝ። ጎረቤቶቻችን መዶሻ ይዘው እየጠበቁ ነው፤ ያ ባለሱቅም ሳይቀር፣ ሐብሐብ ታንኳኳለች ማለቱን ትቶ፣ ለሱቁ ስንት ካፖርት እንደሚበቃው በእናቴ በኩል አስጠይቆኛል። ኦዲተሩ ባዶ መጋዘን አይቶ ይደሰታል፣ አባ ቁልፉ ከወገባቸው አንድ ቁልፍ ይቀልላቸዋል፣ ከእኔ በኋላ የሚመጡትም አገራቸውን በደረታቸውና በሙያቸው ልክ ይመርጣሉ። ከእርስዎ የሚጠበቀው አንድ ፊርማ ነው። እስክሪብቶ ብርድ ላይ አልጽፍ ብሎ ካስቸገረዎት፣ ኮሪደሩ ላይ በደንብ የሞቀ እስክሪብቶ አለኝ።

ቀልድ ካበዛሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወሩ እያለቀ ነው። የተያዘልኝ ቦታ ወሩ ሲያልቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ በጋ ግን ለማንም ሳይሰጥ በየዓመቱ ወደ እናቴ ጣሪያ ይመለሳል። እስከዚያው በሚወዛወዘው ወንበር ላይ አለሁ።

ትዕግሥትዎ እንደ ክፍልዎ ሳይቀዘቅዝ፣ ፊርማዎም እንደ ኮሪደርዎ ትኩስ ሆኖ እንዲደርሰኝ እየተመኘሁ፣ ለብርድዎም ለሙቀትዎም ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

ካፖርቱን የተረከበች፣ ብርዱን ግን ገና ያልተረከበች
ታዛዥዎ ተመራቂ

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል (ለአባ ቁልፉ)
ለኦዲተሩ፣ ለጠቅላላ ዕውቀት
ለእናቴ፣ ማንበብ ስለማትወድ ጮክ ተብሎ እንዲነበብላት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባ ቁልፉ በቆጠራ የጎደለባቸው ካፖርት፣ የሰናፍጭ ቀለምና ትልልቅ ጥቁር አዝራሮች ያሉት፣ ብርድ ይለመዳል ብለው በመከሩኝ ዕለት በክቡርነትዎ ትከሻ ላይ በፍጹም ደህንነት እንደነበር ስገልጽ ደስ ይለኛል። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት የፅዳት ሠራተኛዋም እንድታነበው ብዬ ነው። ካፖርት የተረከበ ሁሉ ወደ ብርዳማዋ አገር ይሄዳል የሚለው የራስዎ መመሪያ እስካሁን ስላልተሻረ፣ መልካም መንገድ እመኝልዎታለሁ፤ ሲደርሱ አብሮ አደጌ ቁልቋሏን ከመንገዱ ማዶ ያሳይዎታል።